የእሳት ማጥፊያው ጉዳይ፦ ለጥር ውድድር የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጥር ለምናካሂደው የጭቃና የዳገት ውድድር ለአስተዳደሩ ከምናስገባው ሰነድ የቀረው የእሳት ክፍል ብቻ ነው። አሁን ያለው ረቂቅ «እያንዳንዱ ተወዳዳሪ መኪና የእሳት ማጥፊያ ይኑረው» ይልና ያልቃል። በዚህ ከሄድን ሁሉም ለቦሎ ብሎ የገዛትን ትንሽ ሲሊንደር ከወንበር ሥር አውጥቶ አሳይቶ ያልፋል። የምንፈርመው በማኅበሩ ስም ስለሆነ ያላችሁን ሐሳብ እዚሁ ጻፉ፤ እሑድ ስንገናኝ አንቀጹ ቅርጽ ይዞ ይጠብቀን።

መካኒክ (ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር)፦ ስለ ሲሊንደሩ ኪሎ ከማውራታችን በፊት መኪናው ላይ ስለሚታሰርበት መንገድ እናውራ። ጋራዥ የሚመጡትን አያለሁ። አንዱ በሽቦ፣ ሌላው በጎማ ገመድ፣ የተሻለ የሚባለው ደግሞ አብሮት በመጣው ስስ ማንጠልጠያ ነው የሚያስረው። መኪናው ከሰቃ ወዲያ ጠጠሩ ላይ አንድ ጊዜ በደንብ ከነጠረ ያ ማንጠልጠያ ይከፈታል። ባለፈው ክረምት የአንድ ደንበኛዬ ሲሊንደር ቁልቁለት ላይ ወልቆ ተንከባልሎ ፍሬን ፔዳል ሥር ገባበት፤ ልጁ በእጅ ፍሬን ነው የተረፈው።

የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ኤፍአይኤ፣ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። ማሰሪያው የመሬት ስበትን 25 እጥፍ የሚያህል ጉልበት መቻል አለበት፤ ቢያንስ ሁለት ቶሎ የሚፈቱ የብረት ቀበቶዎችም ይጠይቃል። አስሉት፤ ሲሊንደሩ ከነቆርቆሮው 3 ኪሎ ተኩል ቢመዝን ማሰሪያውን የሚጎትተው ከ87 ኪሎ በላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ ወይ ሮል ባሩ (መኪናው ቢገለበጥ ጋቢናውን የሚይዘው የብረት ቅስት) ላይ፣ ወይ ወለሉ ላይ በወፍራም ላሜራ ተደግፎ፣ በቡሎን፣ ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ ገብቶበት ይታሰር። ሽቦ ያየ መርማሪ መኪናውን ይመልስ።

ሹፌር (አጋሮ መስመር)፦ እስማማለሁ። ግን ጥብቅ ብሎ ታስሮ እጄ የማይደርስበት ከሆነስ? አንዳንዱ ከኋላ ጭነቱ ጋ ነው የሚያስረው። ቀበቶ ታጥቀህ፣ በር ተጣሞ፣ ጭስ ገብቶ ከኋላ አታወጣውም። እኔ የምለው ምርመራው በተግባር ይሁን። ሹፌሩ ሄልሜትና ጓንት አድርጎ፣ ቀበቶውን ታጥቆ፣ ሳይፈታ በአንድ እጁ ሲሊንደሩን ያውጣ። ረዳትም ካለው እሱም ይሞክር። ካልቻሉ ቦታው ይቀየር።

ጸሐፊ፦ ይሄ ይገባል። ሞተረኞችስ ብሎ በስልክ የጠየቀኝ አለ፤ ሞተር ላይ የሚታሰር ነገር የለም፣ እነሱን በውድድሩ መንገድ ዳር የሚቆሙት የእሳት መከላከያ ጣቢያዎች ይሸፍኗቸዋል።

ኬሚስቷ፦ ዓይነቱን በተመለከተ ልግባ። እዚህ ገበያ በብዛት የምናገኘው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ኤቢሲ (የሚያጠፋቸው የእሳት ዓይነቶች ምልክት) የተጻፈበት ከሆነ ውስጡ በዋናነት ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው። ነበልባሉን በጣም ፈጥኖ ይጥላል፣ ብረቱን ግን አያቀዘቅዝም። ማርሚታው ወይም ቱርቦው እንደጋለ ነዳጁ መንጠባጠቡን ከቀጠለ ጠፋ ያላችሁት እሳት ይመለሳል። ኤኤፍኤፍኤፍ የሚባለው አረፋ የነዳጁን ፊት ይሸፍናል፣ ያቀዘቅዛልም። ኤፍአይኤ በእጅ ለሚያዙት 2 ኪሎ ዱቄት ወይም 2.4 ሊትር አረፋ ይላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለጋራዥ እንጂ ለእኛ አይሆንም፤ ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፣ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ደግሞ አየር ያሳጣል።

«የኔ ናፍጣ ነው፣ አይነድም» የሚሉትንም እንተዋቸው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ናፍጣ ለዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ከተሰነጠቀ ቱቦ እንደ ጉም ተረጭቶ የጋለ ቱርቦ ላይ ካረፈ ክብሪት አይጠብቅም።

መካኒክ (ቆጪ)፦ አንድ ልጨምር። ጌጁ አረንጓዴ ላይ ስለሆነ ሲሊንደሩ ይሠራል ማለት አይደለም። ጌጁ የሚነግረን ግፊቱን ነው። ዱቄቱ በንዝረት ብዛት ከታች ተጠቅጥቆ ይጋገራል፤ ስትጫነው ግፊቱ ብቻ ፉስ ብሎ ይወጣል። ገልብጣችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ፤ ውስጡ እንደ አሸዋ ሲንሸራተት ካልሰማችሁና ክብደቱ ወደ አፉ ሲሄድ እጃችሁ ላይ ካልተሰማችሁ ለባለሙያ ስጡት። ኤፍአይኤ ከተሞላበት ወይም መጨረሻ ከተመረመረበት ቀን ከ2 ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበልም። በእኛ መንገድ በየዓመቱ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ሐጂ፦ ልጆቼ፣ ሁሉም የተናገራችሁት መልካም ነው። ግን ገንዘቡን ማንም አላነሳም። ከሊሙ ቡና ሲጭን ከርሞ በዚያችው መኪና ሊወዳደር የሚመጣ ልጅ አለ። ሁለት ሲሊንደር ይያዝ የሚልም አይጠፋም፤ በዚያ ላይ ማሰሪያ፣ ብየዳ ብላችሁ ስትቆልሉበት ይቀራል፤ ወይም ተበድሮ አምጥቶ ከምርመራው በኋላ ይመልሳል። ይሄንን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሹፌር (አጋሮ መስመር)፦ ሐጂ እውነትዎን ነው። ብድሩን ለመከላከል የሲሊንደሩ ቁጥር ከመኪናው ታርጋ ጋር ይመዝገብ፤ መነሻም መድረሻም ላይ ይታይ።

መካኒክ (ቆጪ)፦ ማሰሪያውን እኛ ጋራዦቹ በአንድ ልክ ቆርጠን በዕቃው ዋጋ ብቻ እንሠራለን። የእጅ ዋጋ አንጠይቅም። ሲሊንደሩንም ማኅበሩ በአንድ ላይ ቢገዛ ይረክሳል። በመኪና አንድ 2 ኪሎ ይበቃል፤ ሁለተኛውን እንደ ምክር እንጻፈው እንጂ ግዴታ አናድርገው።

ኬሚስቷ፦ በአንድ እስማማለሁ፣ ለምን እንደሚያገለግል እስከታወቀ ድረስ። 2 ኪሎ ዱቄት በግምት 10 ሰከንድ ይረጫል፣ ከዚያ አለቀ። ሰው ለማውጫ ነው እንጂ መኪና ለማዳኛ አይደለም። ሹፌሮቹ ደግሞ ይሠልጥኑ። ኮፈኑ ሥር ጭስ ያየ ሁሉ ቶሎ ብሎ ኮፈኑን ብድግ ያደርጋል፤ አየር አገኘ ማለት ነው። ትንሽ ከፈት አድርጎ በስንጥቁ ወደ እሳቱ ሥር መርጨት ነው።

አባል (ፈረንጅ አራዳ ሰፈር)፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ክርክሩ ሁሉ መኪናው ውስጥ ስላለው ነው። በ1973 ሆላንድ ዛንድቮርት ላይ የሮጀር ዊሊያምሰን ፎርሙላ ዋን መኪና ተገልብጦ ሲነድ ዴቪድ ፐርሊ የራሱን መኪና አቁሞ ሮጠ፤ አንድ ማጥፊያ ይዞ ብቻውን ታገለ። ዳር የነበሩት ሠራተኞች እሳት የሚችል ልብስ አልነበራቸውም፣ መቅረብ አልቻሉም። ዊሊያምሰን እዚያው ቀረ። በኛ መንገድ አንዱ ሲነድ ቀጣዩ መኪና ምን ያህል ርቆ ይሆናል? ጣቢያዎቹ ከመኪናው እኩል መጻፍ አለባቸው። በየጣቢያው ትልልቅ ሲሊንደሮች፣ ቢያንስ ወፍራም የጥጥ ቱታና የቆዳ ጓንት ያደረጉ ሁለት ሰዎች፣ ቀበቶ መቁረጫ። ናይለን የለበሰ ሰው ጣቢያ ላይ አይቁም፤ ቆዳ ላይ ይቀልጣል።

ሐጂ፦ ይሄ ልጅ ዋናውን ተናገረ። ጥር ሣሩ ይደርቃል። የጋለ ማርሚታ ሣር ላይ ቆሞ ቢያቃጥል መኪናው ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ የሰው ቡና ነው። ለገበሬው ምን እንላለን? ማቆሚያው ቦታ ሣሩ አስቀድሞ ይታጨድ፤ ውኃ የጫነ ቦቴም እዚያው ይቁም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ የተስማማንበትን እንዲህ አስገብቼዋለሁ፦

«ተወዳዳሪ መኪና ቢያንስ 2 ኪሎ ዱቄት ወይም 2.4 ሊትር አረፋ የያዘ ማጥፊያ በሁለት የብረት ቀበቶ አስሮ ይይዛል። ሹፌሩ የወንበር ቀበቶ እንደታጠቀ በአንድ እጁ ማውጣት መቻል አለበት። የተመረመረበት ቀን ሲሊንደሩ ላይ ይነበባል፣ ከአንድ ዓመት አይበልጥም። ቁጥሩ ከታርጋው ጋር ይመዘገባል። ነዳጅ በጀሪካን ጋቢና ውስጥ መያዝ ክልክል ነው። በየጣቢያው ልብስና መሣሪያ የያዙ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ይቆማሉ፤ የመኪና ማቆሚያው ሣር ከውድድሩ በፊት ይታጨዳል።»

ጀሪካኑን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ የሚቃወም ይናገር። ሥልጠናውን የከተማው እሳት አደጋ ሰዎች እንዲሰጡን የትብብር ደብዳቤ ነገ አዘጋጃለሁ። የቦቴው ወጪ ግን አልተወሰነም፤ ከመመዝገቢያው ይቆረጥ ወይስ የቡና ነጋዴዎቹን እንጠይቅ?

ሐጂ፦ ነጋዴዎቹን ለእኔ ተዉልኝ። ጀሪካኑ ላይ ተቃውሞ የለኝም።

ሹፌር (አጋሮ መስመር)፦ እኔም የለኝም። «አረፋ» ካልን ግን የሚገኝበትን ሱቅ የሚያውቅ ይጻፍ፤ ካልተገኘ ሁሉም ዱቄት ይዞ ነው የሚመጣው።