የጣሊያን ጊዜ ናት የምትባል ጀልባ አለችን፤ ዕቃዋን ከየት እናምጣ?

ጠያቂ፦ ብየዳው ከባሕር ዳር

ሰላም ወገኖች። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ጎርጎራ አጠገብ ዳር ወጥታ የቀረች አንዲት የብረት ጀልባ ልናድስ ተነስተናል። ርዝመቷ 11 ሜትር ከ40 ነው። ሽማግሌዎቹ «የጣሊያን ናት፤ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ስታመላልስ ነበር» ይላሉ። ወረቀት የላትም።

ላሜራውን እኛ እንወጣዋለን። ያስቸገረን ዕቃው ነው። ሞተሯ አለ፤ የነዳጅ ፖምፓው ግን ተነቅሎ ተወስዷል። የኮምፓሷ መስታወት ተሰንጥቆ ውስጡ ደርቋል። የጎን መብራቶቿ የሉም። ባለፈው ወር አንድ ደላላ «ኦሪጅናል የጦርነት መብራት» ብሎ 9 ሺህ ብር ተቀበለኝ። ቤት ወስጄ ሳየው አላማረኝም። በምን ይለያል?

ሌላው ደግሞ የሞተሩን እግር ያሰሩት ቡሎኖች ናቸው። የ23 ቁልፍ አይገባም፣ የ24 ይላወሳል። የኛ ቁልፍ ነው የተበላው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ቶርኖው፦

ቁልፍህ ደህና ነው። በ24 እየታገልክ የቡሎኑን ራስ እንዳታከብበው እንጂ!

ዕድሜዬን የፈጀሁት ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ነው። ፋብሪካው ራሱ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ ነው። የጣሊያን ቡሎን በጨለማም በእጄ ዳብሼ አውቃለሁ፤ በሚሊሜትር ነው የሚሄደው። ያንተ ግን ግማሽ ኢንች ዊትወርዝ የሚባለው የእንግሊዝ ቡሎን ይመስለኛል። የዚያ ራስ ከጎን እስከ ጎን 23.4 ሚሊሜትር ነው። 23 የሚጠበው፣ 24 የሚላወሰው ለዚህ ነው።

አንዱን ፍታና በናፍጣ እጠበው። ማስመሪያ አስጠግተህ በ25.4 ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠር። 12 ከሆነ እንግሊዝ ነው። 13 ከሆነ አሜሪካ። ዕቃ መፈለግ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የማን እንደሆነች ሳታውቅ የምትገዛው ሁሉ እንደ መብራቱ ነው የሚሆነው።

ብየዳው ከባሕር ዳር፦

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። 12! ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት።

ከዚያ እልህ ይዞን ሞተሩን በሽቦ ብሩሽ ስንፍቀው ዋልን። ከጎኑ የጣት ውፍረት ባለው ቅባት ሥር አንዲት የነሐስ ታርጋ ወጣች። «ጋርድነር» ትላለች፤ ከሥሩ «ፓትሪክሮፍት»፣ ከዚያ «5 ኤል ደብልዩ»። ሲሊንደሩም አምስት ነው። ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?

የናፍጣ ሽታ፦

ምንም አትበላቸው። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው፤ ያስወጡት አርበኞቻችንና እንግሊዞች ናቸው። በሽማግሌ አፍ «የጣሊያን ጊዜ» አንድ ሁለት ዓመት ወዲያ ወዲህ ቢል አይፈረድበትም። ደግሞ ጀልባዋ የጣሊያን ሆና ሞተሩ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሞተር ስለ ራሱ እንጂ ስለ ጀልባዋ አይመሰክርም። ሞተሩ የተቀመጠበትን አልጋ እይ። ቡሎን የሚገባባቸው ሌሎች አሮጌ ቀዳዳዎች ካሉ ቀድሞ ሌላ ሞተር ተቀምጦባት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ዕድለኛ ነህ። ፓትሪክሮፍት ማንችስተር አጠገብ ያለ ሰፈር ነው፤ የጋርድነር ፋብሪካ የነበረው እዚያ ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የወጣ ዘር ነው። ያንተ 7 ሊትር፣ 85 የፈረስ ጉልበት ነው። ታላቅ ወንድሙ 8 ኤል 3 በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝን ባለ 22 ሜትር የወደብ ጠባቂ ጀልባዎች ይነዳ ነበር፤ በአንዷ ሁለት ሁለት። ከነሱ አንዷ ሜዱሳ የምትባለዋ እ.ኤ.አ. በ1943 ተሠርታ፣ በኖርማንዲው ዘመቻ ተሳትፋ፣ ዛሬም በውኃ ላይ አለች። እነዚያ ግን የእንጨት ናቸው። ስለዚህ የኛ ጀልባ እህት ናት ብለህ እንዳትፎክር።

ዋናው ምክሬ ይኼ ነው። «የጦር ጀልባ ዕቃ» ብለህ አትፈልግ፤ ዋጋው ሰማይ ይወጣል። ያንተ ሞተር አውቶቡስና ካሚዮን ላይም ይገባ ነበር። እንግሊዝ አገር አሮጌ አውቶቡስ የሚንከባከቡ ሰዎች መዓት ናቸው። እነሱን ጠይቅ። «የ5 ኤል ደብልዩ ፖምፓ» በል፣ ስለ ጦርነት ትንፍሽ አትበል። ፖምፓው ሲ ኤ ቪ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሥራ ነው። ሞተሩ አካል ላይ የተቀጠቀጠውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ አያይዝ። ምናለሽ ተራም ሞክር፤ ግን የቸኮልክ አትምሰል።

ፖምፓው ሲገጠም ነዳጁን ቀነስ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። እንደ ባሕር ጠረፍ ካጠጣችሁት ጥቁር ጭስ ብቻ ነው የምታተርፉት።

አሮጌው መርከበኛ፦

ልጄ፣ እኔ ምፅዋ ባሕር ኃይል የነበርኩ ሰው ነኝ። ስለ ኮምፓሱ ልንገርህ።

የኮምፓስ መርፌ ወደ ሰሜን ብቻ አይደለም የሚሳበው፤ ወደ ታችም ይሳባል። እንግሊዝ አገር ቁልቁል መጎተቱ ኃይለኛ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ በሌላው ጎን ክብደት ጨምረው ያመጣጥኑታል። እኛ ጋ ግን መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ መርፌው አግድም ሊተኛ ምንም አይቀረው። ለለንደን የተመጣጠነ ኮምፓስ ጣና ላይ አንገቱን አዘንብሎ ነው የሚኖር። ከመግዛትህ በፊት ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተመጣጠነ ጠይቅ።

ውስጡ የነበረው ፈሳሽ አልኮልና የተጣራ ውኃ ነው። አንድ ጓደኛዬ በካቲካላ ሞልቶ ነበር። አቅጣጫው የተጻፈበት ክብ ካርድ ላይ ያለው ቀለም በሳምንቱ ተላጠ፤ እሱም ካቲካላውን አዘነለት።

ፊዚክስ መምህርቷ፦

ወንድሜ፣ ቆይ! ኮምፓሱን ገና አትክፈተው። ቁጥሮቹና ቀስቱ ላይ ቡናማ ወይም ቢጫ የደረቀ ቀለም አለ? በዚያን ዘመን በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ይቀቡት ነበር። አሁን አያበራም ብለህ አትዘናጋ። ያረጀው የሚያበራው ቅመም ነው፤ ራዲየሙ ግማሹ እንኳ እስኪያልቅ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። አደጋው ብናኙን መተንፈስና መዋጥ ነው። በብሩሽ አትፈቅፍቀው፣ በአፍህ እፍ አትበልበት። ድርብ ላስቲክ ውስጥ አድርገህ ሰው ከሚተኛበት ቤት አርቀው፤ ከዚያ የጨረራ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይለካልህ።

ስለ መብራቱ፣ ቪቴዎቹን እይ። የድሮ የእንግሊዝ መብራት ባለ አንድ ሰንጥቅ ቪቴ ነው። ባለመስቀል ከሆነ ደላላው በልቶሃል።

ብየዳው ከባሕር ዳር፦

ባለመስቀል ነው። አራቱም። ይሁን፣ ቀዩን በግራ፣ አረንጓዴውን በቀኝ አድርጌ ለጊዜው እገጥመዋለሁ።

ኮምፓሱን በሁለት ላስቲክ አስረን ከጋራዡ ጀርባ ቆልፈንበታል። ቀለሙ እንዳሉት ቡናማ ነው። አልጋው ላይም አራት አሮጌ ቀዳዳዎች አገኘን፤ በቶርኖው መለኪያ ሚሊሜትር ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሳይዋሹ አልቀሩም ብዬ በልቤ ያልኩትን ይቅር በሉኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የጀልባዋ ደወል ተገኘ! አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ልጆች ሲጠራ ኖሯል። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ «ውሰዱት፣ ግን እስከ ዳር ሰፈር የሚሰማ ብረት ተኩልኝ» አሉን። የካሚዮን ቸርኬ ያለው ሰው አለ? ያልተሰነጠቀ ይሁን፣ የተሰነጠቀው አይጮህም።