የካሜራዬ ሌንስ ወጥቶ ቀረ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ? ትንሿ ዲጂታል ካሜራዬ ስትበራ ሌንሷ ይወጣና መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ጠጠጠጥ የሚል ድምፅ ታሰማለች፣ ስክሪኑ ላይ የሌንስ ስህተት የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ከዚያ ራሷ ትጠፋለች። ወድቃ አታውቅም፤ ብቻ ባለፈው አሸዋማ ቦታ ይዣት ሄጄ ነበር። ቤት ውስጥ ልፈታት አስቤያለሁ፣ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥር። ሌንሱን የሚገፋው ሞተር ኃይል ይፈልጋል፣ ያረጀ ባትሪ ስክሪኑን ያበራና ሞተሩ ላይ ሲደርስ ይለግማል። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ሞክር።

መልስ 2፦
አሸዋ ካልክማ እሱ ነው በቃ። ካሜራውን ሌንሱ ወደ መሬት እንዲያይ ያዘውና በእጅ በሚጨመቅ የጎማ አየር መንፊያ በሌንሱ ቀለበቶች መካከል ንፋ፣ ለስላሳ ብሩሽም ይረዳል። በአፍህ እንዳትነፋ፣ ምራቅ ይገባል። እንደተደፋ አብራው፣ አጥፋው። በጉልበት ከገፋኸው ግን የማርሹ ጥርስ ይሰበራል። ዘይት ጠብ አድርግበት የሚሉህንም አትስማ፣ መስታወቱ ላይ ከደረሰ ጉድ ነው።

መልስ 3፦
መፍታቱን ተወው ወንድሜ። የፍላሹ ካፓሲተር፣ ማለትም ለፍላሹ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል፣ ባትሪው ከወጣ በኋላም ቻርጁ ይቆያል፣ ክፉኛ ይነዝርሃል።

ጠያቂው፦
አየሩ ሠራ! ሌንሱ ይገባል፣ ይወጣል። ዙም ሳደርግ ግን አሁንም ትንሽ ይንገጫገጫል።

መልስ 2፦
የቀረ አሸዋ አለ ማለት ነው። ዙሙን ሳትነካካ መንፋቱን ድገመው። ፎቶዎችህንም ከሜሞሪ ካርዱ አሁኑኑ ገልብጥ።