የማኅበራችን የውሃ ማጣሪያ ዕቅድ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ላይ አስተያየት ስጡ

ሰብሳቢው፦
ረቂቁን ለጥፌዋለሁ፣ አንብቡት። ግማሹን እሸፍናለሁ ያለው ድርጅት የሚጠብቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ሐሳቡ ያው የምታውቁት ነው። በዝዋይና በመቂ መካከል ባሉት የገጠር ቀበሌዎች መብራት ላልገባላቸው ቤቶች፣ ያለ መብራት የሚሠራ ርካሽ ማጣሪያ። ከሸክላው፣ ከአሸዋውና ከክሎሪኑ አንዱን እንምረጥ። የላይብረሪውን ጉዳይ እዚህ አታንሱብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ማንም ሳያነሳው ለምን አነሳኸው? ለማንኛውም ያልከፈሉ ሰዎች ዝርዝር እጄ ላይ አለ። ሳይከፍሉ ድምፅ መስጠት የለም።

ኢንጂነሩ፦
እኔ ከአሸዋው ጋር ነኝ። ካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዴቪድ ማንዝ በ1990ዎቹ ለቤት እንዲሆን አድርጎ ያዘጋጀው ነው። የሲሚንቶ ሳጥን፣ ውስጡ ጠጠርና የታጠበ አሸዋ፣ አንድ ቱቦ። በቃ። ከላይ ታፈሳለህ፣ በራሱ ይወርዳል። አሸዋው አናት ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ እዚያ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ጀርሙን ይበሉታል። በደቂቃ 0.4 ሊትር ገደማ ይሰጣል። የሸክላው በሰዓት ከ1 እስከ 3 ሊትር ነው፣ ከወደቀም ይሰበራል። ሲሚንቶ እዚያው አለ፣ ግንበኛ እዚያው አለ። ዶላር አይጠይቅም።

ሲስተር፦
ሽፋኑ እስኪበስል እስከ 30 ቀን እንደሚፈጅ ለምን አልጻፍክም? እስከዚያ ምን ይጠጡ? ውሃ ሳይፈስበት ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየም ነፍሳቱ ይሞታሉ። ለቅሶ ወይ ሠርግ ሄደው ሦስት ቀን ቢያድሩ አለቀ። ደግሞ ጤና ጣቢያ ሳለሁ ሁሌ የማየውን ልንገራችሁ። ውሃው ተጣርቶ አፉ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ልጁ ባልታጠበ እጁ ኩባያውን ይነክርበታል። ስለዚህ ምንም ብትመርጡ ክዳንና ቧንቧ ያለው ማስቀመጫ አብሮ ይገዛ። በጀቱ ውስጥ የለም፣ አይቻለሁ። ክሎሪን ጥሩ ነው፣ ከተጣራ በኋላም ውሃውን ይጠብቃል። ግን ውሃ አጋርም ሆነ ቢሻን ጋሪ የሚባለው የውሃ ማከሚያ አተት ሲገባ ይፈለጋል፣ አተቱ ሲያልፍ ሽታውን ጠልተው ይተዉታል።

የዱባዩ፦
20 ማጣሪያ እኔ ብቻዬን እከፍላለሁ። አንድ ነገር ብቻ። በእነዚያ ላይ የእናቴ ስም ይጻፍ፣ መታሰቢያ ተብሎ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ እንጀራዋን ያልበላ የለም።

ገንዘብ ያዥ፦
20 መዝግቤያለሁ። ስሙ ይጻፍ፣ ምን ችግር አለው?

የሜሪላንዷ፦
ችግር አለው እንጂ። ላይብረሪው ላይ የተሰቀለው የአንድ ሰው ስም ነው። እኛ እዚህ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሳምቡሳ እየሸጥን ያመጣነው ገንዘብ የት ተጻፈ?

ሰብሳቢው፦
አታንሱ ብያችሁ ነበር።

የዱባዩ፦
እናቴን ከላይብረሪ ጋር ምን አገናኛት? አፈሯን አትነካኩብኝ።

የሜሪላንዷ፦
ማን ነካት? የሁላችንም እናት ናት። ግን አንተ 20 ስለከፈልክ ስም ካገኘህ፣ ግማሽ ማጣሪያ የከፈለችው ምን ይጻፍላት? ግማሽ ስም?

ታክሲው፦
እኔ በግማሽ ስምም እስማማለሁ 😂

መምህሩ፦
ልጆቼ፣ አንዴ ስሙኝ። የዚህ አገር ውሃ ጣጣው ጀርም ብቻ አይደለም። የልጆቹ ጥርስ ለምን እንደበለዘ ታውቃላችሁ፣ የአንዳንዶቻችሁም እንደዚሁ። ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ ያልፋል። ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞቹን አጥንት ያደረገውንም የማያውቅ የለም። የአሸዋውም የሸክላውም ማጣሪያ ፍሎራይድ አያስቀርም። ክሎሪኑም እንደዚሁ። ብታፈሉት ይብሳል፣ ውሃው ተኖ እሱ ይቀራል። ከብት አጥንት ተቃጥሎ የሚሠራው ከሰል ግን ይይዘዋል። አገር ውስጥ ተሠርቶበታል፣ አዲስ ነገር አይደለም።

ታክሲው፦
ጋሼ፣ ሁዳዴ ላይ የአጥንት ውሃ ማን ይጠጣል?

መምህሩ፦
አመድ ሆኖ የለ እንዴ፣ ልጄ! ምኑ ይፈሰካል?

ኢንጂነሩ፦
መምህር ልክ ናቸው። መጀመሪያ የየቀበሌው ውሃ ይመርመር። ናሙናውን አስመጥቼ አዲስ አበባ አስመረምራለሁ። ለእኔ ተዉት።

የሜሪላንዷ፦
እሺ፣ ስሙስ?

ገንዘብ ያዥ፦
የቀለም ዋጋ ጠይቄያለሁ። በአንድ ማጣሪያ አንድ ስም ከሆነ ርካሽ ነው። የሁሉም ከሆነ አያዋጣም፣ ቦታም የለውም።

የዱባዩ፦
ሰው ለምኖ አይደለም ያመጣሁት። በ45 ዲግሪ ሙቀት ሠርቼ ነው። ካልፈለጋችሁ ለዕድሬ እሰጠዋለሁ።

ታክሲው፦
በረዶ ላይ የሚነዳም አለ ወንድሜ።

ሲስተር፦
የገበሬ ሚስት ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ የማንን ስም ነው የምታነበው? ማስቀመጫው በጀት ውስጥ ይግባ አልኩ። መልስ የለም።

ጋሽ ሊቀመንበር (የቀድሞው)፦
ከቤቴ ሆኜ እያነበብኩ ነው። አንተ ልጅ፣ ለዕድር እሰጣለሁ የምትለውን ዋጠው። አንቺም ልጄ፣ የሟች ስም አይጨቃጨቁበትም። ማጣሪያው ላይ የማንም ስም አይጻፍ። አንድ የእብነ በረድ ሰሌዳ ይሠራና የሁሉም ይጻፍበት። እናታችን ከላይ ትሁን።

የዱባዩ፦
ጋሼ ካሉ እሺ። ከላይ ከሆነች።

የሜሪላንዷ፦
እሺ። በፊደል ተራ እንጂ በገንዘብ መጠን እንዳይሆን።

ገንዘብ ያዥ፦
የከፈለ ብቻ ነው የሚጻፈው። እንዲህ ስል ሦስት ሰው ወዲያው ላከ። ሰሌዳ ገንዘብ ይሰበስባል ማለት ነው።

ታክሲው፦
የት ነው የሚሰቀለው? ማጣሪያዎቹ በየሰዉ ቤት ናቸው።

ጋሽ ሊቀመንበር (የቀድሞው)፦
ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ። አስፋልቱ ዳር ነው፣ መኪና አቁሞ ያነበዋል።

ሰብሳቢው፦
ማጣሪያው ገበሬው ቤት፣ ሰሌዳው ትምህርት ቤት? ሰው ይስቅብናል። ትምህርት ቤቱም የሆነ ነገር ማግኘት አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦
ሮቶ። 5,000 ሊትር፣ ከነማስቀመጫ ግንቡ። ሰሌዳው ግንቡ ላይ ይለጠፋል። ፎቶም ያምራል።

የዱባዩ፦
ይሄ ጥሩ ነው። የኔን 20 ማጣሪያ ወደ ሮቶው አዙሩት።

ሲስተር፦
አዙሩት? ሮቶ ያጠራቅማል እንጂ አያጣራም። ገጠር ያሉትስ?

ሰብሳቢው፦
በሁለተኛ ዙር። ረቂቁ ላይ «ለቤተሰብ» የሚለውን «ለማኅበረሰብ» ብዬ አስተካክላለሁ። ድርጅቱ የሚቃወም አይመስለኝም።

መምህሩ፦
ሮቶው በምን ይሞላ? ጉድጓዱ ከሆነ ያው ፍሎራይድ ነው። ከተሳካማ የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያው ላይ አጠራቅሙት። የዝናብ ውሃ ላይ ፍሎራይድ የለም ማለት ይቻላል። አሸንዳ ብቻ ነው የሚጎድለው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይደፋ፣ ከዚያ ይግባ። ሲስተር ክሎሪኗን ታድርግበት።

ሲስተር፦
ይሄ ያስኬዳል። አሸንዳው ይግባበት፣ ከቧንቧው ጋር።

ገንዘብ ያዥ፦
አሸንዳው የሚወርደው በየት በኩል ነው? በመንገዱ በኩል ከሆነ ሰሌዳውን ይሸፍነዋል።

መምህሩ፦
በኋላ በኩል ይወርዳል፣ ግን ሮቶውም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ገንዘብ ያዥ፦
ወደ ኋላማ ማን ያየዋል?

ሰብሳቢው፦
አሸንዳውን ለጊዜው እናቆየው። ኢንጂነር፣ የምርመራው ውጤት የት ደረሰ? ረቂቁ ላይ አባሪ ይሆናል ብለን ጽፈናል።

ሰብሳቢው፦
ኢንጂነር?

ታክሲው፦
ቅዳሜ ልደት ላይ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው።

ሰብሳቢው፦
አራተኛው ረቂቅ፦ አንድ ሮቶ፣ አንድ ግንብ፣ አንድ ሰሌዳ፣ የምርቃት ዝግጅት። የሲስተር ማስቀመጫ ባልዲ ለመምህራን ክፍል አንድ ተይዟል። የሸክላ ማጣሪያም ለናሙና ሁለት። ተቃውሞ ካለ እስከ ነገ ማታ።

ሲስተር፦
ተቃውሞ አለኝ። ስልክ ደውልልኝ፣ እዚህ አልጽፈውም።

የሜሪላንዷ፦
ለምርቃቱ ቲሸርት እናሳትም? እዚህ የሚያትም ልጅ አለ፣ ለእኛ ይቀንሳል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሰማያዊ ወይስ ነጭ? ሳይዝ የማትጽፉ ላርጅ ነው የምላችሁ።