ለቅሪተ አካል ቁፋሮ ያገለገለ ኡራል (የሩሲያ የጦር ካሚዮን) የት ይገኛል? ያዋጣልስ?

ጥያቄ፦ የካምፕ እናት

ሰላም ናችሁ? አፋር ውስጥ ቅሪተ አካል ለሚፈልግ ቡድን ስንቅ፣ ውኃና መኪና የማዘጋጀው እኔ ነኝ። 16 ሰው ነን፣ 6 ሳምንት እንቆያለን። ከአስፋልት ወርደን ካምፓችን ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ግን የለውም፤ አሸዋ፣ ስል ድንጋይ፣ ደረቅ ወንዝ፣ እንደገና አሸዋ። ባለፈው ዓመት የተከራየነው አይሱዙ ወንዙ ውስጥ እስከ ዲፈረንሻሉ ሰምጦ ሁለት ቀን ሙሉ በአካፋ ስንታገል ዋልን፣ ለአጥንት የሄድን ሰዎች ጎማ ቆፍረን መጣን። ላዩ ላይ ደግሞ በጄሶና በጆንያ የታሸገ የዝሆን መንጋጋ ተጭኖ ነበር።

ዘንድሮ አለቆቼ «ያገለገለ የወታደር መኪና ፈልጊ፣ ኡራል ወይ ዚል» ይሉኛል። በሕጋዊ መንገድ ከየት ይገኛል? መለዋወጫውስ? የነዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ አሮጌው ሹፌር

ልጄ፣ በደርግ ጊዜ ሁለቱንም ነድቻለሁ። ኡራል አለኝ የሚል ሰው ስታገኚ መጀመሪያ «ቤንዚን ነው ናፍጣ?» በይው። አሮጌው ኡራል 375 ቤንዚን ነው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር በላይ ይጨርሳል። አንቺ ስንቅ ልትጭኚ ገዝተሽው እሱ የራሱን ስንቅ ብቻ ተሸክሞ ይሄዳል። ዚል 131ም ቤንዚን ነው። የሚያዋጣሽ ኡራል 4320 ነው፤ የካማዝ ናፍጣ ሞተር አለው፣ 210 የፈረስ ጉልበት።

ጥሩነቱን አልክድም። ስድስቱም ጎማ ይጎትታል፣ ጋቢና ቁጭ ብለሽ የጎማውን ነፋስ ትቀንሻለሽ ትጨምሪያለሽ። አሸዋ ላይ ይሄ ብቻውን ዕዳ ያቀልልሻል። ነገር ግን ባዶውን 8 ቶን ገደማ ይመዝናል። ላዩ የደረቀ የሚመስል ደለል ላይ ከወጣ ይሰምጣል፣ እሱን ደግሞ ሌላ ኡራል እንጂ ፒካፕ አያወጣውም።

መልስ፦ የሶማሌ ተራው

ጋሼ ልክ ናቸው፣ እኔ ወረቀቱን ልጨምር። የወታደር ንብረት የሚወጣው በጨረታ ነው። «ግቢ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚልሽን ደላላ ስልኩን ዝጊበት። የጨረታ አሸናፊነት ደብዳቤ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ዲክላራሲዮን፣ ከዚያ ሊብሬ። የሻንሲ ቁጥሩን ራስሽ በዓይንሽ አይተሽ ከወረቀቱ ጋር አስተያዪ። ሊብሬ የማይወጣለት መኪና በኪሎ የሚሸጥ ብረት ነው፣ ምን አለሽ ተራ ይወስድልሻል።

መለዋወጫ? ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ ኩሽኔታ ተለክቶ የሚመሳሰል ይገኛል። የካማዝ ሞተር የሚያውቅ መካኒክም አይጠፋም። የነፋስ ቱቦዎቹና ጎማው ናቸው ችግሩ። ለዚል ግን ሌላ የሞተ ዚል ካልገዛሽ አትድከሚ።

የካምፕ እናት፦ አመሰግናለሁ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ደለል ነው ባለፈው የበላን። ከውጭ ማስገባትስ? ጀርመን ያለ ዘመዴ ዩኒሞግ የሚባል የጀርመን ካሚዮን በርካሽ አለ ይለኛል።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

ዘመድሽ አልዋሸም። ፌቤግ የሚባል የመንግሥት ድርጅት አለ፣ የጀርመን ጦር የማይፈልገውን በጨረታ ይሸጣል። ዩኒሞግ ዩ1300ኤል አንዳንዴ ይወጣል፤ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ፣ 130 ፈረስ፣ አክሱሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ድንጋይ ሆዱን አይነካውም። እኔ ብሆን ከኡራል እሱን እመርጥ ነበር። ግን የምትገዢው ባለበት ሁኔታ ነው፣ ዋስትና የለም። ለጦር የተሠራ መኪና ሲወጣ ደግሞ የመላኪያ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል።

ከዚያ እዚያው አገር ቤት ያለው ይጠብቅሻል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱን ያከብደዋል። ዩኒሞጉ ደግሞ ከእኔ ይበልጣል በዕድሜ። ጉምሩክ የሚያውቅ ትራንዚተር ሳታማክሪ አንድ ዩሮ እንዳትልኪ።

መልስ፦ ወንፊት

እኔ ቁፋሮው ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ እህቴ ጥያቄሽን ከሌላ በኩል ልጀምረው። ምን ልትጭኚ ነው? ሁሉም ሰው ቅሪተ አካል ከባድ ይመስለዋል። የሰው ዘር አጥንት በካርቶን ይገባል። ሉሲን ኅዳር 15 ቀን 1967 ሐዳር ላይ ያገኟት ሁለት ሰዎች የሄዱት በላንድ ሮቨር ነበር። የሚከብደው የዝሆንና የጉማሬው ነው፣ እሱም በዓመት አንድ ሁለት ቢሆን ነው።

ከባዱ ውኃ ነው። ለሰው በቀን 10 ሊትር ያዢ፣ ለ16 ሰው 160፣ በሳምንት 1,120 ሊትር። በ200 ሊትር በርሜል ስድስት በርሜል፣ ከአንድ ቶን በላይ። ይሄ ደግሞ በየሳምንቱ ነው እንጂ አንድ ጊዜ አይደለም። ለአንድ ቶን 8 ቶን መኪና ማንቀሳቀስ ለዶሮ በሬ ማረድ ነው። ሁለት ላንድ ክሩዘር 79 ፒካፕ ውኃውን ተካፍለው ያመጡታል፣ አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ይጎትተዋል። ሞተሩን፣ 4.2 ሊትሩን ማለቴ ነው፣ የማይፈታ መካኒክ የለም።

ሌላው መንቀጥቀጡ ነው። የኡራል ባልስትራ ጥይት ለመሸከም እንጂ አጥንት ለመሸከም አልተሠራም። ባዶውን ወይ በትንሽ ጭነት ሲሄድ ይዘላል። ጄሶው ውስጥ ያለው መንጋጋ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ሲደርስ ዱቄት ሆኖ ቢገኝ ማን ይጠየቃል?

መልስ፦ ሙግት አይሰለቸኝም

ወንፊት አጋነንክ። ሞንጎሊያ ጎቢ በረሃ ላይ ፖላንዶች በ1960ዎቹ በእነሱ አቆጣጠር ዳይኖሰር ሲያወጡ የነበሩት ስታር 66 በሚባል ባለ ስድስት ጎማ ካሚዮን ነው፣ ያውም ለጦር ተብሎ የተሠራ። የከባድ መኪና ሥራ አለ።

ወንፊት፦ አለ እንጂ ወንድሜ፣ እነሱ ቶን የሚመዝን የዳይኖሰር አጥንት በሳንዱቅ ነው ያወጡት። እሷ የምታወጣው አንድ መንጋጋ ነው። እንደሱ የሚከብድ ሲገኝ ለዚያ ሳምንት ብቻ ከባድ መኪና ትከራያለች፣ አስፋልቱ ዳር ይጠብቃል፣ ፒካፖቹ ያደርሱለታል።

መልስ፦ ሎጊያ

የአካባቢው ልጅ ነኝ፣ አንድ ነገር ብቻ። ምንም መኪና ግዙ፣ አረንጓዴውን ቀለም ይዛችሁ እንዳትመጡ። ነጭ ቀቡት። ወታደር የመሰለ መኪና ሲያይ ከብት ጠባቂውም ይሸሻል፣ ኬላ ላይም ጥያቄው አያልቅም። ደግሞ ባለፈው የሰመጣችሁበትን ወንዝ የእኛ ሽማግሌዎች ቢጠየቁ ኖሮ ከላይ በኩል ዙሩ ይሏችሁ ነበር። መሪ ሰው ቅጠሩ፣ ከዊንች ይረክሳል። የሱጉም ዝናብ ሳይጀምር፣ መጋቢት ሳይገባ ውጡ።

የካምፕ እናት፦ እውነት ነው፣ ማንንም አልጠየቅንም ነበር፣ ሹፌሩ «አውቀዋለሁ» ብሎን ነው። እንግዲህ ለአለቆቼ ሁለት 79 እና መሪ ሰው ብዬ እጽፋለሁ። ኡራሉን ካልተዉ ግን ጋሼ፣ ልይ ብሄድ ምኑን ነው የማየው?

አሮጌው ሹፌር፦ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሺ። አሙቀው ከጠበቁሽ የሚደብቁት አለ። ከተነሳ በኋላ የነፋሱን ጌጅ እይ፣ ሞልቶ ሞተሩ ሲጠፋ ሩብ ሰዓት ቆመሽ ወርዶ እንደሆነ ተመልከቺ። የጎማውን ጎን በጥፍርሽ ጫሪው፣ ብዙ ዓመት የቆመ ከሆነ ይሰነጠቃል። ካምቢዮውን ሁሉንም ማርሽ አስገብተሽ፣ የመሃሉን ዲፈረንሻል መቆለፊያም አስገብተሽ ንጂው። እምቢ ካሉሽ ሻይሽን ጠጥተሽ ተመለሺ።