እባካችሁ ቶሎ! ቴሌስኮፑ ግራጫ ብቻ ነው የሚያሳየኝ (ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር)

የክበቡ ተጠሪ፣ ማታ 2፡10
የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ጣና ዳር ግቢ ውስጥ ነን፤ 3 ሰዓት ላይ 20 ተማሪዎች ጁፒተርን ሊያዩ ይመጣሉ። 1 ሰዓት ላይ ስተክለው ኮከቡ ሁሉ እንደ መርፌ ጫፍ ጥርት ብሎ ነበር። አሁን ጉድ ሆንኩ። ጁፒተር ጉም ውስጥ የቆመ የባጃጅ መብራት ነው የሚመስለው፤ ጨረቃዎቹ የሉም። ያበላሸብኝ ከአጥሩ ማዶ ያለው አዲሱ የኮሪደር መብራት ነው፤ ሌሊቱን ቀን አድርጎታል። የብርሃን ማጣሪያ ፊልተር የሚያውሰኝ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አለ? ነገ እመልሳለሁ።

ዓባይ ማዶ፣ 2፡13
የአፉ ስፋት ስንት ሚሊ ነው? ባለ ሌንስ ነው ባለ መስታወት? የትኛውን አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበትን ትንሽ ሌንስ) ነው የሰካኸው? ወንድሜ፣ "ግራጫ ሆነብኝ" ብቻ ተብሎ ከዚህ ሆኖ ማን ይፈታዋል?

ሰማይ ጠቀስ፣ 2፡14
ክዳኑን አንስተሃል? ሃሃሃ። የምሬን ነው ግን። የብዙዎቹ ክዳን ላዩ ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን አለው። ትንሹን ብቻ ከፍቶ የሚያይ ሞልቷል፤ ያኔ ለምሳሌ 130 ሚሊ ብለህ የገዛኸው መስታወት የ40 ሚሊ ሥራ ይሠራል።

ሁሌ ፎከስ፣ 2፡15
ፎከስ ነው። ፎከሰሩን (ፎከስ ማስተካከያውን) እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አስገባውና በቀስታ ወደ ውጭ አምጣው። ብርሃኑ ትንሽ ነጥብ የሚሆንበት ቦታ ላይ ቁም።

የክበቡ ተጠሪ፣ 2፡16
ወንድም ሳይሆን እኅት ነኝ። 130 ሚሊ፣ ባለ መስታወት፣ የፎከስ ርቀቱ 650። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተነሥቷል። 10 ሚሊዋን አይፒስ በባለ 2 እጥፉ ባርሎው (ማጉላቱን እጥፍ በሚያደርገው ሌንስ) ላይ ነው የሰካኋት። ፎከሱን አሥር ጊዜ አዙሬዋለሁ።

ፊዚክስ በጠመኔ፣ 2፡19
ከመሠረቱ እንነሣ። የከተማ ብርሃን የሚጎዳው ደብዛዛና የተዘረጋ ነገርን ነው፤ ኔቡላን (የጠፈር የጋዝና የአቧራ ደመናን)፣ ጋላክሲን፣ ፍኖተ ሐሊብን። ብርሃኑ ወደ ላይ ወጥቶ አቧራና እርጥበት ሲያገኝ ይበተናል፤ ሰማዩ ራሱ ያበራና ደብዛዛው ነገር እዚያ ውስጥ ይሰጥማል። ሰማይ ተመልካቹ ጆን ቦርትል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ከ1 እስከ 9 የሚሄድ የሰማይ ጨለማ መለኪያ የሚነግርሽ ይህንኑ ነው፤ 1 ድቅድቅ ጨለማ፣ 9 የትልቅ ከተማ መሃል። ጁፒተር ግን 9 ላይም ይታያል፤ ከአዲስ አበባ መሃል ቆመሽም ታይዋለሽ። ስለዚህ "መብራቱ ጁፒተርን አጠፋብኝ" የሚለው አነሣስሽ ልክ አይደለም። ፊልተሩም አያድንሽም። የድሮው ቢጫ የሶዲየም መብራት ብርሃኑ በጠባብ የቀለም ክልል ስለሚወድቅ ያንን ለይቶ መቁረጥ ይቻል ነበር፤ ነጭ ኤልኢዲ ግን ሁሉንም ቀለም ይረጫል፣ እሱን ልቁረጥ ስትዪ የኮከቡን ብርሃን አብረሽ ትቆርጪያለሽ። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች እንኳ…

ሰማይ ጠቀስ፣ 2፡20
መምህር፣ ልጆቹ በር ላይ ናቸው!

የክበቡ ተጠሪ፣ 2፡21
ይታያል ትለኛለህ፤ አልታየማ! መብራቱ እኮ ፊት ለፊቴ ነው፣ 15 ሜትር አይርቅም።

ታንኳ፣ 2፡24
እኅቴ፣ ክርክሩን ተዪውና ሁለት ነገር ፈትሺ፤ ሁለቱም 1 ደቂቃ አይፈጁም።

አንደኛ፣ አንድ ልጅ ጃኬት ዘርግቶ በመብራቱና በቱቦው አፍ መካከል ይቁም፤ ጥላው አፉ ላይ እንዲያርፍ። ግራጫው ወዲያው ከለቀቀ ጥፋቱ የመብራቱ ነው፤ ብርሃኑ በቀጥታ ቱቦው ውስጥ እየገባ ከፎከሰሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይ ይነጥራል ማለት ነው። ቱቦውን ቤቱ ጥላ ወደሚጥልበት ጥግ ትወስጂዋለሽ፣ አለቀ።

ሁለተኛ፣ ግራጫው ካለቀቀ የስልክሽን ባትሪ በቱቦው አፍ በኩል አግድም አብሪና አፉ አጠገብ በቀጫጭን ብረት የተንጠለጠለውን ትንሹን መስታወት ተመልከቺ። እንደ ሻይ ብርጭቆ ጭጋግ ለብሶ ካገኘሽው ጤዛ ነው። ስገምት እሱ ነው፤ 1 ሰዓት ላይ ጥርት ብሎ 2 ሰዓት ላይ የደበዘዘ ነገር ሌላ አይመስለኝም፣ መብራቱ 1 ሰዓት ላይም ይበራ ነበርና። ሰማዩ ጥርት ሲል መስታወቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል፣ የሐይቁ እርጥበት ይይዘዋል። ትልቁ መስታወት ቱቦው ሥር ስለተቀበረ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ቀድሞ የሚያዘው አፍ ላይ ያለው ትንሹና አይፒሷ ናቸው።

በምንም ዓይነት እንዳትጠርጊው! በነጠላም፣ በሶፍትም፣ በመነጽር ጨርቅም። አሉሚኒየሙ የተቀባው በላዩ ላይ እንጂ እንደ ቤት መስታወት ከኋላ አይደለም፤ ይጫራል። የፀጉር ፎን ፈልጊ፤ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሳታስጠጊ፣ እያወዛወዝሽ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ንፊበት። ከዚያ 5 ደቂቃ ጠብቂ፤ ትኩስ አየር ቱቦው ውስጥ እያለ ምስሉ እንደ ፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል።

ባርሎውንም አውጪው። 130 እጥፍ ማጉላት ለ20 ልጅ አይሆንም፤ አንዱ ሲነካው ጁፒተር ይሸሻል። በ10 ሚሊዋ ብቻ 65 እጥፍ ታገኛለሽ (650 ለ10 ሲካፈል)፤ አራቱንም ትልልቅ ጨረቃዎች ለማየት ይበቃል።

ዘንባባ ጥላ፣ 2፡27
ፎን ከሌለ የቡና ከሰል ምድጃ አጠገብ ብታስጠጊውስ?

ታንኳ፣ 2፡28
ኧረ በፈጣሪ! አመዱና ጭሱ መስታወቱ ላይ ከተቀመጠ ያኔ ነው እውነተኛ ግራጫ የሚመጣው። ምድጃው ከቴሌስኮፑ ራሱ ይራቅ፤ ከከሰሉ የሚነሣው ሙቅ አየርም ምስሉን ያወዛውዘዋል።

የክበቡ ተጠሪ፣ 2፡31
መብራት ጠፋ!!! መንገዱም ግቢውም ድቅድቅ ብሏል።

ሰማይ ጠቀስ፣ 2፡31
እንኳን ደስ ያለሽ። አገሩ በሙሉ "መብራት አምጡ" ሲል "አጥፉልኝ" የምትል አንቺ ብቻ ነበርሽ።

የክበቡ ተጠሪ፣ 2፡33
ግራጫው ግን እንዳለ ነው። ትንሹ መስታወት ጭጋግ ለብሷል፣ ታንኳ እንዳልከው። ፎን አግኝቼ ነበር፣ አሁን በምን ልሰካው?

ሁሌ ፎከስ፣ 2፡34
ፎከሱን አንዴ ድገሚው እስኪ።

ዓባይ ማዶ፣ 2፡35
ወንድሜ ማለቴን ይቅር በዪኝ እኅቴ። መኪና ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ካለ፣ ቱቦውን ከመቆሚያው ፍቺና አፉን ሳትከድኚ የኋላ ወንበር ላይ አስተኚው። ሞተሩ ተነሥቶ ማሞቂያው መካከለኛ ላይ 10 ደቂቃ ከሠራ ጤዛው ይለቃል። መኪና ከሌለ ደረቅ ክፍል ውስጥ አፉን ዘቅዘቅ አድርገሽ 20 ደቂቃ። ክፍሉ ሰው የታጨቀበት አይሁን፤ ትንፋሽ ራሱ ጤዛ ነው። በቻርጅ የሚሠራ ትንሽ ማራገቢያ ካለሽ ደግሞ አፉ ላይ አዙሪው፤ አየሩ ባይሞቅም መስታወቱን ወደ አካባቢው ሙቀት ስለሚመልሰው ይረዳል።

አይፒሷን እስከዚያው መዳፍሽ ውስጥ ያዣት። ሥራ ስትፈታ ኪስ ውስጥ ትቀመጥ እንጂ መቆሚያው ላይ አትተያት። ልጆቹም ዓይናቸውን ሲያስጠጉ በአፋቸው እንዳይተነፍሱባት ንገሪያቸው። ደግሞ ከውሃው ጠርዝ አርቂያቸው፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው፣ ጨለማ ውስጥ ድንጋይ ነው የሚመስለው።

ፊዚክስ በጠመኔ፣ 2፡39
መብራቱ መጥፋቱ አነሣስሽ ልክ እንዳልነበረ አሳይቷል፣ ስለዚህ ልቀጥል። ቱቦው እስኪደርቅ ልጆቹን ዝም ብለሽ አታስቀምጫቸው፤ በዓይን የሚታይ ሞልቷል። ባሕር ዳር ላይ ሐይቁ በስተሰሜን፣ ከተማው በስተደቡብ ነው፤ ስለዚህ ጨለማው ያለው በውሃው በኩል ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከሐይቁ አድማስ ያንኑ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ክንዳቸውን ዘርግተው ጡጫቸውን አድማሱ ላይ ያስቀምጡ፤ ከጡጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመው እሱ ነው። ጭጋግ ውሃው ላይ ከተኛ ግን አይገኝም። በስተምሥራቅ ኦሪዮን ወጥቷል፤ ሦስቱ የመቀነቱ ኮከቦች የሚመሩሽን መስመር ወደ ታች ተከትለሽ የምታገኚው እጅግ ብሩህ ኮከብ ሲሪየስ ነው። መብራት ሳይመለስ ቱቦው ከደረቀ፣ ከመቀነቱ በስተቀኝ ያለውን የኦሪዮን ኔቡላ፣ 25 ሚሊ አይፒስ ካለሽ በእሷ፣ አሳዪያቸው፤ የመንገዱ መብራት በእርግጥም የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ነው። ካኖፐስ የተባለውን ብሩህ ኮከብ የሚፈልግ ካለ ግን በደቡብ በኩል ስለሚወጣ በከተማው ላይ ነው የሚያየው፤ ከፍ እስኪል እኩለ ሌሊት ድረስ ይቆይ።

ዘንባባ ጥላ፣ 2፡44
ጢስ ዓባይ ወይም ዘጌ ቢሄዱ አይሻልም ነበር? ሰማዩ እዚያ ሌላ ነው።

ዓባይ ማዶ፣ 2፡46
ሰማዩማ ሌላ ነው። 20 ልጅ ይዞ በዚህ ሰዓት ከከተማ መውጣት ግን አይታሰብም፤ መንገዱም ጀልባውም።

ታንኳ፣ 3፡20
ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ጤዛውንም መብራቱንም አንድ ላይ የሚከላከል ነገር በጥቂት ብር ይሠራል። ለመኝታ የሚነጠፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስፖንጅ ግዢ። የቱቦውን ዙሪያ በሜትር ለኪ፤ ስፋቱ 16 ሴንቲ ከሆነ ዙሪያው 50 ይመጣል፣ ስፖንጁ ወፍራም ስለሆነና ጫፉ ስለሚደራረብ 58 አድርገሽ ቁረጪው። ቁመቱ 30፤ 5ቱ ቱቦው ላይ ይጠመጠማል፣ 25ቱ ከአፉ ወደ ፊት ይወጣል። ውስጡን የማያብለጨልጭ ጥቁር ወረቀት አልብሺው፣ ሁለት ቦታ በላስቲክ እሰሪው። ፊት ስለሚከብድ ቱቦውን ማሰሪያው ውስጥ ወደ ኋላ ሳብ አድርጊና ሚዛኑን መልሺ፣ አለዚያ ይደፋል። ማታ ስትጨርሺ ደግሞ እርጥብ ሆኖ አትክደኚው፤ ቤት ውስጥ አፉ ተከፍቶ ይደር፣ ጠዋት ክደኚው። እርጥብ የተከደነ መስታወት ሻጋታ ያበቅላል።

ሰማይ ጠቀስ፣ በማግስቱ 4፡05
ጠያቂዋ የት ገባች? ልጆቹ አዩ ወይስ ጉማሬ ብቻ አይተው ተመለሱ?

ሁሌ ፎከስ፣ 4፡30
ፎከሱን ሞክራዋለች ግን?