ለትንሽ እርሻ የመንግሥት ድጋፍ ከየት ይጀመራል? (ቨርጂኒያ)

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ቨርጂኒያ ገጠር 6 ኤከር ገዝተን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ጎመንና ቃሪያ ለሐበሻ ሱቆች እናቀርባለን። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ ተጠርጎ ሲሄድ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። አትክልት የሚበቅልበት የፕላስቲክ ቤትም መሥራት አስበናል። ድጋፍ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ የት እንሂድ?

መልስ 1፦ በርቱ! መጀመሪያ ኤፍኤስኤ (የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የእርሻ አገልግሎት) ቢሮ ሄዳችሁ የእርሻ ቁጥር አውጡ። ከዚያ ኤንአርሲኤስ (የዚያው ሚኒስቴር የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ክፍል) ጋ ኢኩዊፕ ለሚባለው የድጋፍ ፕሮግራም አመልክቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም እዚያው አንድ ሕንጻ ውስጥ ናቸው። ለአፈር ጥበቃም ለፕላስቲክ ቤትም ወጪ ይጋራል። በአብዛኛው እስከ 75 በመቶ ነው፣ በእርሻ ከ10 ዓመት ያልበለጠ ጀማሪ ግን እስከ 90 በመቶ ሊያገኝ ይችላል፣ ከክፍያው ቢያንስ ግማሹንም ለዕቃ መግዣ በቅድሚያ መጠየቅ ትችላላችሁ። ባለሙያው መሬታችሁ ድረስ መጥቶ ያያል፣ በነፃ። እኔ ከገንዘቡ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

መልስ 2፦ አደራ፣ የኢኩዊፕ ውሉ ሳይፈረም ምንም ሥራ እንዳትጀምሩ! እኔ ቸኩዬ አጥሩን ቀድሜ ሠራሁና አንድ ብር አላገኘሁበትም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲአርፒ የሚባለውስ?

መልስ 1፦ እሱ ለእናንተ አይሆንም። የሚታረስ መሬት ከ10 እስከ 15 ዓመት ሳርና ዛፍ ለብሶ እንዲያርፍ በየዓመቱ ኪራይ የሚከፍል ነው። እናንተ ጎመን ትፈልጋላችሁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ደግሞ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።