ብድሩ በእሷ ስም፣ ብሩ በእሱ እጅ፦ እህቴ ሁለተኛውን ዙር ትውሰድ?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ደንቢያ ገጠር ነው፣ ከቆላድባ ትንሽ ወጣ ብሎ። አምና ከጎረቤቶቿ ጋር በቡድን ዋስትና ተበደረች። ሐሳቧ በግ ማድለብ ነበር። ብሩን ይዛ ቤት ስትገባ ባሏ «ለበሬ መሙያ ጎድሎኛል» ብሎ ወሰደው። በሬው ተገዛ፣ የተረፈው የት እንደገባ አይታወቅም። መክፈያው ሲደርስ ግን የምትጠራው እሷ ናት፤ እንቁላልና ጠላ እየሸጠች ነው የምትገፋው። ሲጎድል ደግሞ የቡድኑ ሴቶች በሯ ላይ ይቆማሉ። እውነት ለመናገር ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፣ አይማታም፣ አይሰክርም፤ ገንዘብ የወንድ ነው ሲባል እየሰማ ያደገ ነው። አሁን ድጋሚ ተበደሪ እያላት ነው። እምቢ ትበል ወይስ ሌላ መላ አለ?

የማክሰኚት ልጅ፦
እምቢ በይ ማለት ከተማ ለተቀመጠ ሰው ቀላል ነው። እኔ ብድር ሥራ ላይ ሆኜ ገጠር ለገጠር ዞሬያለሁ። ጥሬ ብር ቤት ከገባ አለቀለት። ስለዚህ ከወሰደች በገበያ ቀን ትውሰድና እዚያው በጎቿን ገዝታ ነድታ ትግባ። ባል ብር «አምጪ» ማለት አይከብደውም፣ በግ አውጥቶ መሸጥ ግን አገር ያየዋል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ገዝታ ለፋሲካ ብታወጣቸው ጥሩ ነው። አከፋፈሉንም ትጠይቅ። በየወሩ የሚከፈል ብድር ለማድለብ አይሆንም፣ በጉ በየወሩ አይሸጥማ! ዋናው ከነወለዱ መጨረሻ ላይ የሚከፈልበት ካለ እሱን ትያዝ።

ጠበቃ ነገር፦
ሕግም አለ እኮ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ባልና ሚስት ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ክልላችን አማራም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ለትዳሩ ጥቅም የተወሰደ ዕዳ ከጋራ ንብረትም ይከፈላል፣ በሬው ደግሞ የጋራ ነው። በተግባር ግን ስምምነቱ በአንድ በኩል ብቻ ሆነ፤ እሷ ስትበደር «ባልሽ ያውቃል?» ትባላለች፣ እሱ ብሩን ሲያነሳ «ሚስትህ ታውቃለች?» የሚለው የለም። እሱም ተበዳሪ ሆኖ ይፈርም። የመሬት ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፎ የለ? ዕዳው ላይም ይለጠፋ!

ፋሲል ግንብ ሥር፦
ቆይ ቆይ፣ ሰውየውን ሌባ አታድርጉት። በሬው የሚያርሰው የማንን መሬት ነው? ጤፉንስ ማን ይበላዋል? ይሄ ክርክር እኛ ጋ አልተጀመረም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ በባንግላዴሽ ሴት ተበዳሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ሴቶቹ በደንብ የተቆጣጠሩት ብድር ከሲሶው ብዙም እንደማይበልጥ ሲያሳይ ስንቱ ደነገጠ። በኋላ ናይላ ካቢር የምትባል ምሁር ሴቶቹን ራሳቸውን ስትጠይቅ፣ በብሩ የሚሠራው ባል ቢሆንም እንኳ ብድሩ ቤት ውስጥ ተሰሚነት እንደጨመረላቸው የነገሯት ብዙ ነበሩ። እኔ የምጠይቀው በሬው ሲገዛ ተማክረዋል ወይ ነው።

የአዘዞዋ፦
አልተማከሩም። ዋጋውን የሰማችው ከጎረቤት ነው።

ፋሲል ግንብ ሥር፦
እንግዲያው ክርክሬን ትቻለሁ።

ወገሬዋ፦
እኔ የቡድን ሰብሳቢ ነኝ። በር ላይ የምንቆመው ደስ ብሎን አይደለም። አንዷ ካጎደለች ከሌሎቻችን ኪስ ይወጣል፣ ቀጣዩም ብድር ይያዝብናል። እኛ ምን አደረግን መሰለሽ፣ ባሎቹን ጠራናቸው። ቡና ተፈላ፣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ማን ምን ልትሠራበት እንደምትበደር ሁሉም በጆሮው ሰማ። ከዚያ በኋላ ብሩን የሚነካ ሰው አገር ፊት የሰጠውን ቃል በላ ማለት ነው። ሁሉም ተስተካከለ አልልሽም፣ አንዱ ከነቃሉ በልቶታል። የእንቁላሏንና የጠላዋን ብር ግን ለዕዳ አታውጣ። እሱ የእቁቧ ነው፣ እሱም ከሄደ ምን ቀራት?

የአዘዞዋ፦
እሺ፣ ባሎቹን መጥራቱን እነግራታለሁ። ባንክ የራሷ ሂሳብ ብንከፍትላትስ፣ እሱ ሳይሰማ?

ወገሬዋ፦
ትክፈት፣ ግን ይወቀው እታለም። ተደብቆ የተገኘ ሃምሳ ብር የመቶ ሺህ ጠብ ያመጣል። ሂሳብ እንዳላት ይወቅ፣ ደብተሩ ግን አንቺ ጋ አዘዞ ይቀመጥ። ብር ለማውጣት እዚያ ድረስ መሄድ አለብኝ ትበለዋ።